ሁለተኛዋን ኢኩዌሽን ጠይቁ

የቴሌግራም የሥራ ማስታወቂያ ቻናሎችን የምትከታተሉ ሁሉ «ደመወዝ፦ በስምምነት» የምትለውን ሐረግ በቃላችሁ ታውቋታላችሁ። ስምምነቱ ምን እንደሚመስልም ታውቃላችሁ። ቃለ መጠይቁ ያልቃል፣ ጠያቂው ወረቀቱን ይሰበስብና «ኔት 13,650 ብር እንከፍላለን፣ ይስማማል?» ይላል። አዲሱ ተመራቂ በልቡ የቤት ኪራዩን፣ ታክሲውንና ምሳውን ይቀንሳል። የምትተርፍ ነገር ካለች «ይስማማኛል» ይላል። በቃ፣ ስምምነት ተፈጸመ ይባላል።

እኔ ግን እዚህ ጋ ስምምነት አለ ብዬ ለመናገር ይከብደኛል። አንደኛው ወገን ሙሉውን ሒሳብ ይዟል፤ ሌላው የተነገረው አንድ ቁጥር ብቻ ነው። ይህን ክፍተት ለመዝጋት ጠበቃ መቅጠር ወይም ሒሳብ ሠራተኛ የሆነ ዘመድ መፈለግ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው 9ኛ ክፍል ተምረነው፣ ተፈትነንበት፣ ከፈተናው ማግስት የጣልነው ነገር ነው፦ ሁለት ኢኩዌሽኖችን በሰብስቲትዩሽን መፍታት።

አትሳቁ። ኢኮኖሚክስ ተምሬያለሁ፤ ስማቸው ራሱ የሚያስፈራ ሞዴሎችም አይቻለሁ። ከዩኒቨርሲቲ ግቢ ከወጣሁ በኋላ በየሳምንቱ የምጠቀምበት ግን ይህችኑ የ9ኛ ክፍል ዘዴ ነው። ዛሬ ልላችሁ የፈለግሁትም አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሁለት የማታውቁት ነገር ባለበት ቦታ አንድ ቁጥር ብቻ ይዞ የሚመጣን ሰው ሁለተኛዋን ኢኩዌሽን ጠይቁት።

ሻይና ፓስቲ

ለረሱት ባጭሩ እናስታውስ። ዋጋ ያልተለጠፈበት የሰፈር ሻይ ቤት ገባችሁ እንበል። ትናንት አንድ ሻይና ሁለት ፓስቲ ወስዳችሁ 70 ብር ከፍላችኋል። ሻዩ ስንት ነው? አይታወቅም። ሻዩ 10፣ ፓስቲው 30 ሊሆን ይችላል። ሻዩ 30፣ ፓስቲው 20 ቢሆንም ድምሩ ያው 70 ነው። የቱንም ያህል ጎበዝ ብትሆኑ ከዚህች አንድ ሒሳብ የሁለቱን ዋጋ ለይታችሁ ማውጣት አትችሉም። የጭንቅላት ጉዳይ አይደለም፤ መረጃው ራሱ አይበቃም።

ዛሬ ደግሞ ሁለት ሻይና አንድ ፓስቲ ወስዳችሁ 65 ብር ከፈላችሁ። አሁን ነገሩ ተቀየረ። የሻይን ዋጋ «ሻ»፣ የፓስቲን «ፓ» ብለን እንጻፋቸው፦

ሻ + 2ፓ = 70
2ሻ + ፓ = 65

ከመጀመሪያዋ ላይ ሻይን ለብቻው እናወጣዋለን፦ ሻ = 70 − 2ፓ። ልብ በሉ፣ ሻይ ስንት እንደሆነ እስካሁን አናውቅም። ያደረግነው ነገር ቢኖር ሻይን በፓስቲ ቋንቋ መናገር ነው። ቀጥሎ ሁለተኛዋ ላይ «ሻ» ባለበት ቦታ ይህን እንተካለን፦

2(70 − 2ፓ) + ፓ = 65
140 − 4ፓ + ፓ = 65
140 − 3ፓ = 65
3ፓ = 75
ፓ = 25

ፓስቲ 25 ብር ነው። ሻይ ደግሞ 70 − 50፣ ማለትም 20 ብር። በሁለቱም ላይ ፈትሹት፦ 20 + 50 = 70፤ 40 + 25 = 65። ሁለቱም ተስማሙ፣ አለቀ።

አንድ ወጥመድ አለ፤ በኋላ ስለምንፈልገው ያዙት። «ሻ = 70 − 2ፓ» የሚለውን ከመጀመሪያዋ አውጥታችሁ መልሳችሁ እዚያችው መጀመሪያዋ ላይ ብትተኩት የምታገኙት 70 = 70 ነው። እውነት ነው፣ ግን ምንም አይነግራችሁም። መተካት ያለበት ሌላኛዋ ላይ ነው።

«ኤክስን ፈልግ»

ይህን ዘዴ ሃይስኩል ገብቶ ያልተማረ የለም። ችግሩ የተማርንበት መንገድ ይመስለኛል። መጽሐፉ ላይ ኢኩዌሽኖቹ ተጽፈው፣ ተሰልፈው፣ ተዘጋጅተው ነው የሚቀርቡልን። የእኛ ድርሻ ወዲያ ወዲህ እያዞሩ ኤክስና ዋይን ማግኘት ነው። ኤክስ ማን ነው? ዋይስ? ለምን ሁለት ኢኩዌሽን አስፈለገ? ከየትስ መጡ? ይህን የሚጠይቅ ተማሪ «አንተ ዝም ብለህ ሥራ» ይባላል። ስለዚህ ቀላሉን ግማሽ ተምረን ከባዱን ግማሽ ሳንነካው ወጣን። ከባዱ ግማሽ ኢኩዌሽኗን ራስ ጽፎ ማምጣት ነው።

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲነገር አገር ደነገጠ። በየሚዲያው ስለ ኩረጃ፣ ስለ መምህራን፣ ስለ ፈተና አሰጣጥ ብዙ ተባለ። ሁሉም ሊባል የሚገባው ነው። እኔን ከዚያ ባልተናነሰ የሚያሳስበኝ ግን ያለፍነው ነን። ፈተናውን አልፈን፣ ዲግሪ ይዘን፣ የራሳችን የሥራ ውል ላይ ሁለት መስመር ሒሳብ ሳንጽፍ የምንፈርም ሰዎች።

ዘዴው ሲፈጠር ለፈተና አልነበረም። ከሦስት ሺህ አምስት መቶ ዓመት በላይ ዕድሜ ባላቸው የባቢሎን የሸክላ ጽላቶች ላይ የሁለት ማሳዎችን ስፋት ከሚሰጡት እህል ተነስቶ ማውጣትን የሚጠይቅ ጥያቄ ተገኝቷል። የእርሻ ጉዳይ ነው፣ የሆድ ጉዳይ። በቻይና ደግሞ ከአንድ ሺህ አምስት መቶ ዓመት ገደማ በፊት የተጻፈ «ሱንዚ» በሚል ስም የሚታወቅ የሒሳብ መጽሐፍ እስከ ዛሬ በብዙ አገር ልጆች የሚማሩትን ጥያቄ ይዟል፦ አንድ ጉረኖ ውስጥ ዶሮዎችና ጥንቸሎች አሉ፤ ራሳቸው 35፣ እግራቸው 94 ነው፤ ስንት ዶሮ፣ ስንት ጥንቸል?

በወረቀት ከሆነ ዶ + ጥ = 35፣ 2ዶ + 4ጥ = 94 ነው። ዶሮን በጥንቸል ቋንቋ ስንናገረው ዶ = 35 − ጥ። ስንተካው 70 + 2ጥ = 94፤ ስለዚህ ጥንቸል 12፣ ዶሮ 23። ያለ ወረቀትም ይሄዳል። ሁሉም ዶሮ ነው ብላችሁ ገምቱ፤ እግሩ 70 ይሆናል። የተቆጠረው ግን 94 ነው። የተረፈው 24 እግር የጥንቸሎቹ ነው፤ እያንዳንዷ ጥንቸል ከዶሮ ሁለት እግር ስለምትበልጥ 24ን ለ2 አካፍሉ፣ 12። አያችሁ? ኤክስና ዋይ ሳይጠሩ ያንኑ ሥራ ሠራን። ሐሳቡ እንጂ ፊደሉ አይደለም ቁም ነገሩ።

አሁን ወደ ደመወዙ

«ኔት 13,650» ወዳለው ሰውዬ እንመለስ። እዚህ ላይ የማናውቃቸው ሁለት ነገሮች አሉ፦ ግሮስ ደመወዙና የሚቆረጠው ታክስ። ግሮሱን «ግ»፣ ታክሱን «ታ» እንበላቸው። ጡረታ ከሠራተኛው 7 በመቶ ይቆረጣል፤ አሠሪው በበኩሉ 11 በመቶ ይጨምርበታል። አበል የሌለው ንጹህ ደመወዝ ነው ብለን ብንነሳ የሰውየው ንግግር ወደ ሒሳብ ሲመለስ እንዲህ ይሆናል፦

ግ − ታ − 0.07ግ = 13,650

አንድ ኢኩዌሽን፣ ሁለት የማይታወቅ ነገር። ያው የትናንቷ የሻይ ቤት ሒሳብ ናት። ሁለተኛዋ ታዲያ የት አለች? ሰውየው ኪስ ውስጥ አይደለችም። አዋጅ ላይ ተጽፋለች፤ ስልካችሁ ላይ ፈልጋችሁ ልታነቧት ትችላላችሁ።

በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ የጸደቀው የገቢ ግብር ማሻሻያ ከወር ደመወዝ ላይ የመጀመሪያውን 2,000 ብር ከግብር ነጻ ያደርጋል። ከዚያ በላይ እስከ 4,000 ባለው ላይ 15 በመቶ፣ እስከ 7,000 ባለው ላይ 20 በመቶ፣ እስከ 10,000 ባለው ላይ 25 በመቶ፣ እስከ 14,000 ባለው ላይ 30 በመቶ ይቆረጣል። ከ14,000 በላይ ያለው ላይ 35 በመቶ። እንግዲህ ደረጃ በደረጃ ስትደምሩት የ14,000 ብር ደመወዝ ታክስ 2,850 ብር ይመጣል። ሙሉው በ35 በመቶ ቢቆረጥ ኖሮ 4,900 ይሆን ነበር። ልዩነቱ 2,050 ነው። ስለዚህ ግሮሱ ከ14,000 በላይ ለሆነ ሰው ታክሱ በአንድ መስመር ይጻፋል፦

ታ = 0.35ግ − 2,050

እዩት፣ ታክስ ራሱ በግሮስ ቋንቋ ተነግሮ ተዘጋጅቷል። የቀረው መተካት ነው፦

ግ − (0.35ግ − 2,050) − 0.07ግ = 13,650
0.58ግ + 2,050 = 13,650
0.58ግ = 11,600
ግ = 20,000

ሁለተኛው መስመር ላይ 2,050 ለምን ተደማሪ እንደሆነ ግር ያላችሁ ካላችሁ፣ ከቅንፉ ፊት ያለችውን የመቀነስ ምልክት ተመልከቷት። ውስጥ ያለውን ሁሉ ትገለብጠዋለች። ፈተና ላይም ነጥብ የምታስጥለው እሷ ናት።

እንፈትሽ። የ20,000 ብር ታክስ 7,000 − 2,050፣ ማለትም 4,950 ነው። ጡረታ 1,400። ድምሩ 6,350። ከ20,000 ሲቀነስ 13,650። ልክ ነው። ግሮሱ ከ14,000 በላይ ስለሆነ የተጠቀምንባት የታክስ መስመርም ትክክለኛዋ ናት። ለማስታወስ ያህል፣ የ14,000 ብር ኔት 10,170 ብር ነው። ኔቱ ከዚያ ካነሰ ዝቅተኛውን ደረጃ ትጠቀማላችሁ፤ ከ10,000 እስከ 14,000 ግሮስ ላለው ታ = 0.3ግ − 1,350 ናት።

«እሺ፣ ግሮሱን አወቅሁ፤ ምን ይጠቅመኛል? እኔ እጄ ላይ የሚገባው ያው ነው» የሚል አይጠፋም። መልካም። እንግዲያው ይህን ተመልከቱ። እንበልና ድርጅቱ ወረቀት ላይ ደመወዛችሁን 10,000 ብር ብሎ መዘገበ። የ10,000 ብር ታክስ 1,650፣ ጡረታው 700 ነው፤ ኔቱ 7,650 ይሆናል። የቀረውን 6,000 ብር «በእጅ» ይሰጣችኋል፣ ከመዝገብ ውጭ። 7,650 እና 6,000 ሲደመር? 13,650። ቃሉን ጠበቀ! እጃችሁ ላይ የገባው አንድ ብር እንኳ አልጎደለም።

ከጀርባ ግን ምን ሆነ? በትክክል ቢመዘገብ ድርጅቱ በወር 20,000 ደመወዝና 2,200 የአሠሪ ጡረታ፣ በድምሩ 22,200 ብር ያወጣ ነበር። አሁን የሚያወጣው 11,100 እና 6,000፣ ማለትም 17,100 ነው። በአንድ ሠራተኛ በየወሩ 5,100 ብር ተረፈው። ከዚህ ውስጥ 3,300ው ለመንግሥት መግባት የነበረበት ታክስ ነው። 1,800ው ደግሞ የእናንተ የጡረታ መዋጮ ነው፤ 700ው ከእናንተ ደመወዝ፣ 1,100ው ከአሠሪው መከፈል የነበረበት። በዓመት 21,600 ብር በስማችሁ ሳይገባ ይቀራል። ጡረታ ለሃያ አራት ዓመት ልጅ ሩቅ ነገር ይመስላል፣ ይገባኛል። የትርፍ ሰዓት ክፍያና የስንብት ክፍያ ግን ሩቅ አይደሉም፤ የሚሰሉትም ከተመዘገበው ደመወዝ ነው። ባንክ ብድር ስትጠይቁም የሚታየው ወረቀቱ ላይ ያለው ነው።

ሁሉም አሠሪ እንዲህ ያደርጋል እያልሁ አይደለም። «ኔት ስንት» ብቻ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ግን እንዲህ የሚያደርገውንና የማያደርገውን መለየት አይችልም። ለእሱ ሁለቱም 13,650 ናቸው። የሚለያቸው ሁለተኛዋ ኢኩዌሽን ብቻ ናት።

ሁለት ሥራ፣ አንድ መገናኛ

ሌላ ምሳሌ፣ አሁንም ከሥራ ሳንወጣ። ሁለት የሽያጭ ሥራ ቀረበላችሁ እንበል። አንዱ በወር 6,000 ብር ቋሚ ደመወዝና ከሽያጫችሁ 2 በመቶ ኮሚሽን ይሰጣል። ሌላው 3,000 ብር ቋሚና 5 በመቶ። ሁለተኛው ቀጣሪ «ገደብ የሌለው ገቢ! ዋናው ጥረት ነው» ይላችኋል። ከአምስትና ከሁለት አምስት ይበልጣል፣ ልብም ወደዚያ ያደላል።

የወር ሽያጫችሁን «ሽ»፣ ከታክስ በፊት ያለውን ገቢያችሁን «ገ» በሉት፦

ገ = 6,000 + 0.02ሽ
ገ = 3,000 + 0.05ሽ

ሁለቱም «ገ» ስለሚሉ የአንደኛዋን በሁለተኛዋ ቦታ እንተካዋለን፦ 6,000 + 0.02ሽ = 3,000 + 0.05ሽ። ስናጣራው 3,000 = 0.03ሽ፤ ሽ = 100,000። ሁለቱ ሥራዎች እኩል የሚከፍሉት በወር 100,000 ብር ስትሸጡ ነው፤ ያኔ ሁለቱም 8,000 ይሰጧችኋል። የ60,000 ብር ሽያጭ ካላችሁ የመጀመሪያው 7,200፣ ሁለተኛው 6,000 ነው። 150,000 ከሸጣችሁ ደግሞ የመጀመሪያው 9,000፣ ሁለተኛው 10,500።

እንግዲህ ሒሳቡ «ይህን ምረጡ» አላላችሁም። ያደረገላችሁ ከዚያ የበለጠ ነው፤ ምን መጠየቅ እንዳለባችሁ ነገራችሁ። ቃለ መጠይቅ ላይ «ኮሚሽኑ ስንት ነው?» ብሎ ከመቀመጥ «አሁን እዚህ ያሉት ልጆች በወር በአማካይ ስንት ይሸጣሉ? ከ100,000 በላይ የሚሸጥ ስንቱ ነው?» ማለት ይሻላል። ቀጣሪው ከተንተባተበ መልሱን አገኛችሁ ማለት ነው።

እኛ ኢኮኖሚክስ ያጠናን ሰዎች የገበያ ዋጋን የምናገኘውም በዚችው መንገድ ነው። የፍላጎት ኢኩዌሽን አለች፣ የአቅርቦት ኢኩዌሽን አለች፤ አንዷን በሌላዋ ትተካላችሁ፣ ዋጋው ይወጣል። እንግሊዛዊው ኢኮኖሚስት አልፍሬድ ማርሻል በ1890 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ ሁለቱን ከመቀስ ጋር አመሳስሏቸዋል፤ ወረቀቱን የቆረጠው የላይኛው ስለት ነው የታችኛው ብሎ መከራከር አያዛልቅም ለማለት። ሽንኩርት በተወደደ ቁጥር ግማሹ «ነጋዴው ነው»፣ ግማሹ «ምርት የለም» እያለ ኮሜንት ላይ ሲሰዳደብ ሳይ ማርሻል ትዝ ይለኛል። እያንዳንዱ አንድ ስለት ይዞ ነው የሚጮኸው።

«ሁለት ሰው ነግሮኛል»

አሁን ያቺን ወጥመድ አምጧት። 70 = 70 ያልናትን።

ሻይ ቤት በሦስተኛው ቀን ሄዳችሁ ሁለት ሻይና አራት ፓስቲ ወስዳችሁ 140 ብር ከፈላችሁ እንበል። ከመጀመሪያው ቀን ሒሳብ ጋር ብታጣምሩት ሁለት ኢኩዌሽን ያላችሁ ይመስላል፦ ሻ + 2ፓ = 70 እና 2ሻ + 4ፓ = 140። ተኩት እስቲ። 2(70 − 2ፓ) + 4ፓ = 140፤ ፓስቲ ከፓስቲ ይጣፋና 140 = 140 ይቀራል። ምንም አልተገኘም። ሁለተኛዋ የመጀመሪያዋ እጥፍ ናት፤ ልብስ ቀይራ መጣች እንጂ አዲስ ነገር አላመጣችም።

ይህ ነገር ስልካችን ላይ በየቀኑ ይደርስብናል። አንድ ወሬ ቴሌግራም ላይ ታያላችሁ። «እስኪ ላጣራ» ብላችሁ ፌስቡክ ትገባላችሁ፣ እዚያም አለ። ቲክቶክ ላይም አንዱ እያነበበው ነው። «ሦስት ቦታ አይቻለሁ፣ እውነት ነው» ትላላችሁ። ሦስቱም ግን ከአንድ ፖስት ነው የገለበጡት። አንዷን ኢኩዌሽን በሦስት አባዙና ሦስት መረጃ አስመስለው ሰጧችሁ። ማጣሪያው ቀላል ነው፦ ሁለተኛው ሰው የነገራችሁን ከመጀመሪያው ሰው ብቻ ሰምቶ ሊናገረው ይችላል? ከቻለ 140 = 140 ነው፤ አሁንም አንድ ኢኩዌሽን ላይ ናችሁ።

ሌላም ዓይነት አለ። በሦስተኛው ቀን የተጠየቃችሁት 140 ሳይሆን 150 ቢሆንስ? ስትተኩት 140 = 150 ይላችኋል። ይህ «መልስ የለውም» የሚባለው ነው። ተማሪ ሆነን ይህ ሲመጣ ተሳስተናል ብለን እንሰርዘው ነበር። በእውነተኛው ሕይወት ግን ከሁሉ የሚበልጠው መረጃ እሱ ሊሆን ይችላል። ወይ ዋጋ ጨምሯል፣ ወይ ሒሳቡ ላይ ሌላ ነገር ተደምሯል፣ ወይ አስተናጋጁ ተሳስቷል። በቃለ መጠይቅ የተነገራችሁ ኔትና ውሉ ላይ የተጻፈው ግሮስ በአዋጁ መስመር አልገናኝ ካሉም እንዲሁ ነው። እናንተ ሒሳብ ስለማትችሉ ላይሆን ይችላል፤ አንዱ ቁጥር ውሸት ሊሆን ይችላል። ሳትፈርሙ «እነዚህ ሁለቱ አልገጠሙልኝም፣ አስረዱኝ» በሉ።

«ስልኩ ይፈታው የለ?»

የሚነሳብኝን ተቃውሞ አውቀዋለሁ። ፎቶማዝ ካሜራውን ደግናችሁበት ኢኩዌሽኑን ከነ ደረጃው ይፈታል። ቻትጂፒቲ አለ። ታዲያ ምን አደከመን?

እውነት ነው፣ ይፈቱታል። 0.58ግ + 2,050 = 13,650 የሚለውን በእጃችሁ አካፍሉ እያልሁ አይደለም፤ እኔም ካልኩሌተር ነው የምጠቀመው። ግን ልብ በሉ፣ ካሜራው የሚያነበው የተጻፈ ኢኩዌሽን ነው። «ኔት 13,650 እንከፍላለን» የሚለውን የሰውየውን ንግግር ፎቶ ማንሳት አይቻልም። ጥያቄውን ለቻትጂፒቲ ብትጽፉለትም የጎደለውን እሱ ከራሱ ገምቶ ሊሞላው ይችላል፤ የሌላ አገር ታክስ ወይም የድሮውን የታክስ ደረጃ ሊጠቀም ይችላል። መልሱ ግን በልበ ሙሉነት ይመጣል። ሁለተኛዋ ኢኩዌሽን የቷ እንደሆነች የሚያውቅ ሰው ስህተቱን ይይዘዋል። የማያውቅ ሰው «ኤአይ ነው ያለኝ» ብሎ ይፈርማል።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ሕይወት ቀጥተኛ መስመር አይደለችም» የሚለው ነው። ይህም እውነት አለው። ደመወዙ ከ14,000 በታች ሲወርድ የታክሱ መስመር እንደሚቀየር አይተናል። አበል ሲገባ ይወሳሰባል። የሽያጭ ሥራ ላይ የሥራ ባልደረባ፣ የሚማሩት ነገር፣ የመንገዱ ርቀት በብር አይተመኑም። ሒሳቡ ግን ሙሉ ሕይወታችሁን ይወስንላችኋል ያለ የለም። በቁጥር መልስ ያለውን ክፍል ለይቶ ያስቀምጥላችኋል፤ የቀረው ላይ ደግሞ ልባችሁን ተጠቀሙ። በቁጥር መልስ ያለውንም በልብ መወሰን ነው ችግሩ።

ለመምህራንም አንድ ነገር ብል ቅር አይበላችሁ። ከአሥሩ ጥያቄ ሁለቱን ያለ ኢኩዌሽን ስጡ። ሁለት ደረሰኝ፣ ሁለት የኢንተርኔት ጥቅል ዋጋ፣ አንድ የሥራ ማስታወቂያ ይዘው እንዲመጡ ተማሪዎቹን እዘዟቸውና ኢኩዌሽኗን እነሱ ይጻፏት። አንዳንዱ መረጃ እንዳይበቃ ሆኖ ይሰጥ፤ «ይህ አይፈታም፣ አንድ ነገር ይጎድላል» ብሎ የጻፈ ተማሪ ሙሉ ነጥብ ያግኝ። አሁን ባለው አሠራር ባዶ የተወው ሰው ዜሮ ነው የሚያገኘው፤ ምን እንደጎደለ የሚያውቀውና ምንም የማያውቀው እኩል ይወድቃሉ።

ለእኛ ደግሞ የቤት ሥራው አጭር ነው። ሥራ ያላችሁ የመጨረሻውን የደመወዝ ወረቀታችሁን አውጡ። ግሮሱን፣ ታክሱን፣ ጡረታውን፣ ኔቱን አንድ በአንድ ጻፉና በአዋጁ መስመር ፈትሹት፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። የደመወዝ ወረቀት ተሰጥቷችሁ የማያውቅ ከሆነ ነገ ጠይቁ። ሥራ ፈላጊ የሆናችሁ ደግሞ በሚቀጥለው ቃለ መጠይቅ «ኔት ይህን ያህል ነው» ስትባሉ ደስታችሁን ትንሽ ያዝ አድርጉና በትህትና «ግሮሱ ስንት ነው? ውሉ ላይ የሚጻፈውስ የትኛው ነው?» በሉ።